የሳተው ፒያኖው ነው

ክኑት ዳህለ የሚባል የገጠር ሰው ነበር። ቴሌማርክ ከሚባለው የኖርዌይ አውራጃ። ያገሩን ቫዮሊን አሳምሮ ይጫወታል። ዕድሜው ሲገፋ ግን አንድ ነገር አሳሰበው። ከድሮዎቹ ባለሙያዎች የተማራቸው የጭፈራ ዜማዎች የትም አልተጻፉም። እሱ ሲሞት አብረውት ሊቀበሩ ነው። ስለዚህ ያኔ የአገሪቱ ትልቁ የሙዚቃ ደራሲ ለነበረው ለኤድቫርድ ግሪግ ደብዳቤ ይጽፍ ጀመር።

ነገሩ የተሳካው በ1901 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ግሪግ ራሱ ቫዮሊን ተጫዋች ስላልነበር ሥራውን ለዮሃን ሃልቮርሰን ሰጠው። ሃልቮርሰን ስሙ የታወቀ ቫዮሊን ተጫዋችና የኦርኬስትራ መሪ ነው። ዳህለ ወደ ዋና ከተማው መጣ፣ ተጫወተ፣ ሃልቮርሰን እየሰማ በኖታ ጻፈ። 17 ዜማ።

በዚህ መሃል ሃልቮርሰንን ግራ ያጋባው ነገር ነበር። ዶ፣ ሬ፣ ሚ ብለን ስንወጣ አራተኛዋ ፋ ናት። በሽማግሌው ቫዮሊን ላይ ፋ ያለ ቦታዋ ወጥታ ተቀምጣለች። ከፍ ብላለች። ሃልቮርሰን ለግሪግ ጻፈለት። ግሪግም ሲመልስ ይህችን ድምጽ እንደሚያውቃት፣ በ1871 እሱንም ልታሳብደው ደርሳ እንደነበር ነገረው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልወጣችለት ድምጽ ናት ማለት ነው።

ግሪግ ዜማዎቹን ለፒያኖ ሲያዘጋጅ ምን አደረገ? ጥቁሯን ቁልፍ መረጠ። ሌላ ምን ያድርግ! ፒያኖ ላይ ያለው ነጩ ወይም ጥቁሩ ነው። በሁለቱ መሃል እንጨት እንጂ ድምጽ የለም። ሥራው ወጣ፣ ተወደደ፣ ዛሬም በዓለም መድረክ ይጫወቱታል። ዳህለ በጣቱ ያወጣት ድምጽ ግን ነጩም ጥቁሩም አልነበረችም።

ኤይቪንድ ግሮቨን የተወለደው በዚያው ዓመት፣ በዚያው አውራጃ ነው። ጥቅምት 8 ቀን 1901፣ ቴሌማርክ ውስጥ ላርዳል በምትባል የገጠር ቀበሌ። ዛሬ ስለ እሱ ነው የማወራው። ሙዚቃ ደራሲ ነው፣ ተመራማሪ ነው፣ የሬዲዮ ሰው ነው፣ ኦርጋን ሠሪም ነው (ኦርጋን ስል በቁልፍ ሰሌዳ የሚጫወቱትን፣ አየር በቧንቧ እየነፋ ድምጽ የሚሰጠውን የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን መሣሪያ ነው)። ዕድሜውን በሙሉ ያስጨነቀው ጥያቄ ግን አንድ ነው። ገበሬውና ፒያኖው ካልተስማሙ የሳተው ማነው?

እኔ በሙዚቃ ላይ የተመራመርኩ ሰው አይደለሁም። ኪቦርድ ነው የምጫወተው። ሠርግ ላይ፣ አንዳንዴ ስቱዲዮ፣ አንዳንዴ የባህል ምሽት ቤት። ግሮቨንን ያገኘሁት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ዩቲዩብ ላይ ስለ ድምጽ ቅኝት ስጎረጉር ነው። አንድ ኦርጋን ሰማሁ። መጀመሪያ የማዳመጫዬ ችግር መሰለኝ፤ ድምጾቹ ከመጠን በላይ ረግተው፣ ከመጠን በላይ ጠርተው ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ሰውዬው ያላነበብኩት ነገር የለም ብል ትንሽ ነው የማጋንነው።

ቴሌማርክን ለማያውቅ ሰው፣ የኖርዌይ የባህል ሙዚቃ እምብርት ከሚባሉት አንዱ ነው። መሣሪያቸው ሃርዲንግፌለ ይባላል። ቫዮሊን ነው፤ ግን ከላይ ካሉት አራት አውታሮች ሥር ሌላ አራት ወይም አምስት አውታር ተዘርግቷል። እነዚያን ማንም አይነካቸውም። ከላይ ያሉት ሲጫወቱ በራሳቸው ይንዘረዘራሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ተጫውቶ ከኋላው የሆነ ነገር የሚያጉረመርም ይመስላል። ከ1600ዎቹ የተረፈ መሣሪያ አለ፤ የተጻፈበት ዓመት 1651 ነው።

ከዚያው አውራጃ የወጣ ሚላርጉተን የሚባል ዝነኛ ተጫዋች ነበር። ዓለምን የዞረው ቫዮሊኒስት ኡለ ቡል በ1849 ከገጠር አምጥቶ ለዋና ከተማው ታዳሚ አቀረበው። ጨዋው ሕብረተሰብ የገበሬ ሙዚቃ ገንዘብ ከፍሎ ሲያዳምጥ አስቡት። ደግሞም በዚያው ክፍለ ዘመን የሃይማኖት መነቃቃት መጣና ቫዮሊኑ የሰይጣን መሣሪያ ተባለ። ባለቤቶቹ ራሳቸው እሳት ውስጥ የከተቱት ቫዮሊን ብዙ ነው። አዝማሪን ሠርግ ላይ ጠርቶ፣ አስጨፍሮ፣ ልጁን ለአዝማሪ አልድርም በሚል አገር ላደገ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ግሮቨን ያደገው እንዲህ ያለ ሙዚቃ በሞላበት ቤት ነው። ሃርዲንግፌለ ይጫወታል። ሌላም መሣሪያ ይችላል፤ እሱን ግን ቀስ ብዬ ላስረዳ፣ ምክንያቱም የሰውዬው ሐሳብ ሁሉ የሚነሳው ከእሱ ነው።

የአኻያ ዋሽንት ነው። በፀደይ፣ ዛፉ ውኃ ሲስብ፣ የአኻያ ቅርንጫፍ ልጡ ከእንጨቱ በቀላሉ ይላቀቃል። ልጡን ሳይሰነጠቅ እንደ ቱቦ ይስቡታል። አንዱ ጫፍ ላይ መንፊያ ያበጁለታል። በቃ፣ ዋሽንት ሆነ። ሲደርቅ ይበላሻል፤ ዕድሜው አጭር ነው። እኛ ከምናውቀው ዋሽንት የሚለየው የጣት ቀዳዳ የሌለው መሆኑ ነው። አንድም የለውም። ተጫዋቹ ያለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የትንፋሹ ጉልበት። ሁለተኛው የቱቦውን መጨረሻ በጣቱ መዝጋትና መክፈት።

ታዲያ ቀዳዳ ከሌለው ዜማው ከየት ይመጣል? ከአየሩ። ቱቦ ውስጥ ያለ አየር ጠንከር ብለው ሲነፉት ይዘልላል። መሠረታዊውን ድምጽ ይተውና እጥፉን ይሰጣል። ከዚያ ሦስት እጥፉን፣ አራት እጥፉን፣ እያለ ይሄዳል። ጫፉ ሲዘጋ ደግሞ ቱቦው በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ባለው ርቀት፣ ወርዶ ጎዶሎዎቹን ብቻ ይሰጣል። ሁለቱን ስታጋቡ የተሟላ መሰላል ይወጣል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ የሚቆጠር። ከላይኛው ክፍል፣ ከ8 እስከ 16 ያለውን ብትወስዱ መዝፈኛ የሚሆን መሰላል አገኛችሁ።

አሁን ቁጥሮቹን ተመልከቱ። 8 ዶ ናት። 9 ሬ፣ 10 ሚ። 11 ላይ ስትደርሱ ፋ መምጣት ነበረባት። የምትመጣው ግን ከፋ ከፍ፣ ከቀጣዩ ጥቁር ቁልፍ ዝቅ ያለች ናት። መሃል ለመሃል ማለት ይቻላል። ግሪግን ያሳበደችው ድምጽ እዚህ አለች! ማንም አልፈጠራትም፣ ማንም አላበላሻትም። ልጥ ውስጥ ያለ አየር ነው የሰጣት። 13ኛዋም እንዲሁ ናት፤ ከላ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች።

ግሮቨን ይህንን በ1927 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው፤ 25 ዓመት ቢሞላው ነው። የተፈጥሮ መሰላል ብሎ ሰየመው። መምህርነት ተምሮ ኖቶደን ከሚገኘው የመምህራን ማሠልጠኛ የወጣ፣ ከዚያ ኦስሎ ሄዶ ኮንሰርቫቶሪ የነካካ ወጣት ነው። አብዛኛውን ራሱን በራሱ ነው ያስተማረው። የመጽሐፉ ክርክር ግን የዋዛ አይደለም። የኖርዌይ የሕዝብ ሙዚቃ የድምጽ ሕግ አለው፤ ሕጉም ከአኻያ ዋሽንት ጋር የተሳሰረ ነው ይላል። ዘፋኙም ባለ ቫዮሊኑም ያንን መሰላል በጆሯቸው ይዘውት ነው የኖሩት።

ይህ በጊዜው ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ ለማየት ከእሱ በፊት የነበረውን ማወቅ ነው። ሉድቪግ ማቲያስ ሊንደማን የሚባል የኦርጋን ሰው ከ1840ዎቹ ጀምሮ በየተራራው እየዞረ የሕዝብ ዜማ ሰብስቧል። ትልቅ ባለውለታ ነው፤ እሱ ባይጽፋቸው የጠፉ ብዙ ናቸው። ነገር ግን የጻፋቸው በኦርጋን ተጫዋች ጆሮ ነው። ገበሬዋ ስትዘፍን ድምጿ በሁለት ቁልፍ መሃል ካረፈ ወደሚቀርበው ይገፋዋል። እሱ ብቻ አይደለም፣ ሁሉም እንዲያ ነበር የሚያደርጉት። በኖታ የተጻፈውን አይቶ የሚመጣው ሰው ደግሞ ዘፋኟን ሲሰማ «አልተካነችም፣ ትስታለች» ይላል። አስቀድሞ አስተካክለው ጻፉት፤ ከዚያ በተጻፈው ፈረዱባት።

ይህን ሳነብ አንድ ቀን ትዝ አለኝ። ስቱዲዮ ውስጥ ነን። እኔ ኪቦርዱን ቀድሜ ቀርጫለሁ። ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው ማሲንቆ ይዘው ገቡ። መጫወት ሲጀምሩ የድምጽ ባለሙያው ልጅ በመስታወቱ በኩል ፊቱን ኮሶ እንደጠጣ አደረገው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ ብላለች። ከኪቦርዱ ጋር አልገጠመችም።»

«የቷ?»

«ሦስተኛዋ። ትንሽ ከፍ ያድርጓት።»

አደረጓት። ደግመው ተጫወቱ። ጣታቸው ግን ዜማው ሲሞቅ ወደ ቦታዋ ተመለሰ። እንደገና አስቆማቸው። አራተኛው ላይ ጋሼ ደጋኑን ጭናቸው ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ ከፍ ሳደርጋት እኮ ዘፈኑ ይሸሸኛል» አሉት። በመጨረሻ ልጁ «ይሁን፣ በኮምፒዩተር አስተካክለዋለሁ» አለ። አስተካከለውም። ዘፈኑ ወጣ፣ ሰዉም ወደደው። ማሲንቆው ግን አደብ ገዝቶ፣ ቀጥ ብሎ፣ ኪቦርድ ሆኖ ቀረ።

ያን ቀን እኔም አፌን ከፍቼ ምንም አላልኩም። ምን ብዬ? ኪቦርዱ ከፋብሪካ ተስተካክሎ ነው የመጣው። ማሲንቆው በፈረስ ጭራና በጆሮ ነው። ማንም ሰው የትኛው ልክ እንደሆነ ቢጠየቅ ፋብሪካውን ነው የሚያምነው።

ግሮቨን ግን ፋብሪካውን አላመነም። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለች፤ ታገሱኝ።

ሁለት ድምጾች አንድ ላይ ሲሰሙ የሚረጉት ንዝረታቸው በቀላል ቁጥር ሲመጣጠን ነው። 2 ለ1 ከሆነ ኦክታቭ ነው። 3 ለ2 ከሆነ ዶ እና ሶል። 5 ለ4 ከሆነ ዶ እና ሚ። ጥሩ መዘምራን ያለ መሣሪያ ሲዘምሩ ሳያውቁት እዚያ ላይ ነው የሚያርፉት። ችግሩ እነዚህ ቁጥሮች ክብ አይዘጉም። ከአንድ ድምጽ ተነስታችሁ በ3 ለ2 አሥራ ሁለት ጊዜ ብትወጡ ወደ ተነሳችሁበት ድምጽ መመለስ ነበረባችሁ። አትመለሱም። ትንሽ ታልፉታላችሁ። ትርፏ ትንሽ ናት፣ የግማሽ ድምጽ ሩብ አትሞላም፤ ግን ትሰማለች።

የአውሮፓ ሙዚቃ ይህችን ትርፍ ምን እናድርጋት ሲል ብዙ መቶ ዓመት ተከራከረ። በመጨረሻ እንደ እድር መዋጮ ለአሥራ ሁለቱ እኩል ተካፈለች። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይሳት፤ ማንም በጣም አይሳት። ዛሬ ፒያኖና ኪቦርድ የሚቃኙት እንዲህ ነው። ዶ እና ሶል ብዙም አልተጎዱም። ሚ ግን ተጎድታለች። ባለሙያዎች ግማሽ ድምጽን ለመቶ ከፍለው አንዱን ሴንት ይሉታል። የፒያኖ ሚ ከተፈጥሮዋ ሚ 14 ሴንት ከፍ ትላለች። ጋሼ ሦስተኛዋን ዝቅ ሲያደርጓት ወዴት እየሄዱ እንደነበር አሁን እገምታለሁ። በመለኪያ አላየሁትምና አልምልም።

ግሮቨን ይህንን ጽፎ ማቆም ይችል ነበር። ብዙ ተመራማሪ እዚያ ላይ ያቆማል። እሱ ግን ማሽን ልሥራ አለ።

ሐሳቡ ይኸው ነው። ተጫዋቹ የለመደው ተራ ቁልፍ ሰሌዳ ይኑር። አሥራ ሁለቱ ቁልፎች አይነኩ። ከበስተኋላ ግን ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ሳይሆን ሦስት ቧንቧ ይቀመጥ፤ በጥቂቱ የሚለያዩ። በኦክታቭ 36 ማለት ነው። አሁን ተጫዋቹ ጣቶቹን ሲያሳርፍ የትኞቹ ቁልፎች አብረው እንደተጫኑ የሚያይ መሣሪያ ከሦስቱ የትኛው ቧንቧ እንደሚስማማ መርጦ አየሩን ወደዚያ ይለቃል። ሰውየው ምንም አያውቅም፤ እንደ ወትሮው ይጫወታል። ኦርጋኑ ግን በየቅጽበቱ ራሱን እየቃኘ ይሄዳል።

ይህን ዛሬ ፕሮግራም ጽፎ ለመሥራት አንድ ጎበዝ ተማሪ ይበቃል። እሱ የጀመረው ግን በ1930ዎቹ ነው። ኮምፒዩተር የለም። የተጠቀመው የስልክ ማዞሪያ ቤት ውስጥ የሚሠሩትን ሪሌዎች ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ቀጭ ብለው መስመር የሚያገናኙትን። ኦፕሬተር ሳይኖር ደዋይን ከተደዋይ የሚያገናኘው ቴክኒክ፣ እዚህ ሚን ከትክክለኛዋ ዶ ጋር ያገናኛል። እኔ ስለ ግሮቨን ካነበብኩት ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። የገበሬ ልጅ፣ በአኻያ ዋሽንት ያደገ፣ ቁም ሳጥን ሙሉ የስልክ ሪሌ ይዞ የአያቶቹን ጆሮ ሊመልስ ሲታገል።

ሥራው ተራዘመ። በ1948 ስለ ፒያኖ ቅኝትና በቀላል ቁጥር ስለሚመጣጠነው ጥርት ቅኝት መጽሐፍ አወጣ። በቧንቧው ኦርጋን ላይ ብዙ ዓመት ደከመ። ፍላጎት ካሳዩት ሰዎች አንዱ አልበርት ሽቫይትዘር ነው፤ በሐኪምነቱ የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘው፣ ግን ደግሞ ከባድ የኦርጋን ሰው የነበረው። በ1965 ግሮቨን በኦክታቭ 43 ድምጽ ያለው ኤሌክትሮኒክ ኦርጋን አደረሰ። በ1968 ስለ ማሽኑ አሠራር ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። በትንሹ ሠላሳ ዓመት ነው። ፋብሪካ ወስዶ በብዛት አልሠራውም። ሀብታም አላደረገውም። ኦርጋኑ ግን ኦስሎ ውስጥ አለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የዕለት እንጀራው ሌላ ቦታ ነበር። ከ1931 እስከ 1946 በሬዲዮ ይሠራ ነበር፤ የሕዝብ ሙዚቃ ኃላፊ ሆኖ። በሳምንት ግማሽ ሰዓት የገጠር ሙዚቃ ለመላ አገሪቱ። ያኔ የተቀዳ ነገር እንደ ዛሬ አልነበረም። ባለ ቫዮሊኑ ራሱ ይመጣል፣ ማይክ ፊት ይቀመጣል፣ ይጫወታል። ከተሜው አድማጭ ሃርዲንግፌለ ሲሰማ ድመት የተረገጠች የሚመስለው ብዙ ነበር። በሌላ በኩል በየሸለቆው ያለው ሰው የራሱን ዜማ ከሬዲዮ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ግሮቨን መጪውን ሁሉ ይሰማል፣ ይጽፋል። እንዲያ እያለ ያጠራቀመው ወደ 1,800 ዜማ ይደርሳል። ኋላ ላይ ታላቁ የሃርዲንግፌለ ዜማዎች ስብስብ ከ1958 ጀምሮ በተከታታይ ቅጽ ሲታተም ከጀርባው ካሉት እጆች አንዱ የእሱ ነው።

በዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ግን አልተቀመጠም። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ጥናት ተቋም በኡላቭ ጉርቪን መሪነት የተቋቋመው በ1958 ነው። ግሮቨን ያኔ ወደ ስድሳው ተጠግቷል። እውነቱን ለመናገር፣ እሱ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ሪሌዎቹን ማን ይፈቅድለት ነበር?

ሙዚቃም ደርሷል፣ ያውም ብዙ። ሁለት ሲምፎኒ አለው። ኦስሎ የተመሠረተችበትን 900ኛ ዓመት በ1950 ስታከብር የደረሰው «ያላርዮድ» የሚባል የኦርኬስትራ መክፈቻ ዛሬም ይጫወታል። ለኢንገቦርግ ሬፍሊንግ ሃገን ግጥም የደረሰው «ሙሽራው» የሚባል ትልቅ የመዘምራን ሥራም አለ። ደራሲዋ የሚስቱ እህት ናት። የሚገርመው የፒያኖ ኮንሰርቶም ጽፏል! ዕድሜውን ሙሉ ፒያኖን የከሰሰ ሰው። ሰምቼዋለሁ፤ ደስ ይላል፤ ከኦርጋኑ ጋር ግን አይወዳደርም።

አንድ ሥራው ከሌላው ሁሉ ተለይቶ የቆመ ነው። ሄልገ ኢንግስታድ የሚባል ኖርዌጂያዊ ተጓዥ ከ1949 እስከ 1950 አላስካ ተራራ ውስጥ ኑናሚዩት ከሚባሉ አዳኞች ጋር ኖሮ ዘፈኖቻቸውን ቀዳ። ኋላ ላይ ቫይኪንጎች አሜሪካ መድረሳቸውን የሚያረጋግጠውን ፍርስራሽ ከሚስቱ ጋር ያገኘው ያው ሰው ነው። ቅጂውን ለግሮቨን ሰጠው። ግሮቨን ቁጭ ብሎ አዳመጠ፣ ጻፈ፣ መረመረ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ስለ ድምጽ መሰላላቸውና ስለ ምታቸው ጥናት አወጣ። የቴሌማርክ ሰው ስለ አላስካ ምን አገባው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ይህ ነው የሚያሳምነኝ። ለአያቶቹ ሙዚቃ የሰጠውን ጥንቃቄ አይቷቸው ለማያውቅ ሰዎችም ሰጥቷል።

አሁን ወደማይመቸኝ ቦታ ልምጣ።

ግሮቨን ስለ ፒያኖው ልክ ነበር። ስለ አኻያ ዋሽንቱ ግን እጠራጠራለሁ። የጥርጣሬው ባለቤት እኔ አይደለሁም። ሬይዳር ሴቮግ የሚባል የኖርዌይ ተመራማሪ በ1974 በጉዳዩ ላይ ጽፏል። እነዚያ በመሃል ያሉ ድምጾች በኖርዌይ ሙዚቃ ውስጥ መኖራቸውን ይቀበላል። ሁሉንም ከተፈጥሮ መሰላል ለማውጣት መሞከሩን ግን አይቀበልም። ከዋሽንቱ ጋር የማይገጥሙ የመሃል ድምጾች አሉ። አንዱ ባለ ቫዮሊን ሦስተኛዋን እዚህ ያስቀምጣታል፣ ሌላው እዚያ። ያው ሰው ራሱ ወደ ላይ ሲወጣ አንድ ቦታ፣ ሲወርድ ሌላ ቦታ ሊያሳርፋት ይችላል። ይህን የትኛው ቱቦ ይሰጣል?

እኔ ስረዳው እንዲህ ነው። ግሮቨን ገበሬውን ከፒያኖ ፍርድ ቤት አወጣው። አወጣውና ወደ ሌላ ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ዳኛው ፊዚክስ የሆነበት። የሰው ሙዚቃ ለመከበር የግድ ተፈጥሮ ሊመሰክርለት ይገባል የሚል ነገር አለው ሐሳቡ። በዘመኑ ይገባኛል። «ይሄ ስህተት ነው» ለሚል ሊቅ «ቁጥሩን ተመልከት» ማለት ያስፈልግ ነበር፤ ያለ ቁጥር ማን ይሰማዋል? ግን ድምጿ 11ኛዋ ላይ ባታርፍስ? ባለ ቫዮሊኑ ከአባቱ የሰማት፣ ደስ ያለችው፣ ጭፈራውን የምታሞቅለት ድምጽ ብትሆን ብቻ አይበቃም ነበር? ጋሼም ቢሆኑ ወደ 5 ለ4 እየሄዱ ላይሆን ይችላል። የእኛን የአንቺሆዬ ድምጾች በቀላል ቁጥር ልግጠም ብሎ ለሚነሳ ሰው ረጅም ሌሊት ይጠብቀዋል።

ይህን ብዬም ከሁለቱ ዳኛ አንዱን ምረጥ ብባል ግሮቨንን እመርጣለሁ። ምክንያቱም ንድፈ ሐሳቡ ባይሞላ እንኳ ልማዱ ይጠቅማል። ሰውና መሣሪያ ሲጋጩ መሣሪያውን መጠርጠር። ከዚያም አማርሮ ማቆም ሳይሆን መሣሪያውን ፈትቶ መሥራት።

ግሮቨን በ1977 የካቲት ላይ ኦስሎ ውስጥ አረፈ። ሴት ልጁ ዳግነ ግሮቨን ሚህረን የሥነ ጽሑፍ ምሁርና የሕዝብ ዜማ ዘፋኝ ናት። ኋላ ላይ ደግሞ ዴቪድ ኮድ የሚባል አሜሪካዊ የሙዚቃ መምህር ሪሌዎቹ የሚሠሩትን ወደ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ቀየረው። ከዚያ በራሳቸው የሚጫወቱ ሦስት ፒያኖዎች አምጥቶ እያንዳንዳቸውን በጥቂቱ ለያይቶ ቃኛቸው። ሦስት ጊዜ አሥራ ሁለት፣ 36። ተጫዋቹ በአንድ ሰሌዳ ይጫወታል፤ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ድምጽ ወደሚስማማው ፒያኖ ይልከዋል። ቁም ሳጥን ሙሉ ሪሌ የነበረው ላፕቶፕ ውስጥ ገባ።

እኔ ላፕቶፕ መድረክ ላይ አልይዝም። ነገር ግን ግሮቨንን ካነበብኩ በኋላ የኪቦርዴን መመሪያ አውጥቼ አየሁት። ለዓረብኛ ሙዚቃ ተብሎ የተሠራ፣ እያንዳንዷን ቁልፍ በሴንት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቦታ አለው። ለካ ከገዛሁት ጀምሮ እዚያው ነበር! ብዙ አዲስ አበባ ውስጥ የሚዞሩ ኪቦርዶች አላቸው፤ ማንም አይነካውም። አሁን ከማሲንቆ ጋር ስጫወት ሦስተኛዋን መጀመሪያ 14 አወርዳታለሁ፤ ከዚያ ባለ ማሲንቆው ሲቃኝ እየሰማሁ ወደ እሱ አስጠጋታለሁ። አንዳንዴ 10 ትሆናለች፣ አንዳንዴ 20። የሚመራው እሱ ነው። ዘፈን ሲቀየር መልሼ ማስተካከል አለብኝ፤ ያ አድካሚ ነው፤ ሠርግ ላይ ሰዉ ቆሞ እየጠበቀ ቁልፍ መነካካት ደግሞ ያሳፍራል። ዘፋኟ ግን ልዩነቱን ሳልነግራት ነው ያወቀችው። ቤዝ ጊታሪስታችን ብቻ እስካሁን ይነጫነጫል፤ እሱ ጊታር አንገት ላይ ድምጹን የሚወስኑት አግድም ሽቦዎች ተመትተው የተቀመጡ ናቸው፣ የት ያድርሳት?